የሙሽራዋ ማር ውስጥ የገባው ካርድ

አንዲት ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋት ሴት በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ የሙሽራ ማር ውስጥ እጇን ልትከት ስትል ከተያዘች ምክንያቷን መናገር አለባት። እኔም ያን ቀን ለመናገር ሞክሬ ነበር። በተናገርኩ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ስለሄደ ግን ዝም ማለትን መረጥኩ። አሁን ጊዜው አልፏል፤ ማሩም ተበልቷል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቦንጋ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው ያገባሁት። ባለቤቴ ሙያውን አስተማረኝ፤ አስተምሮኝ ሲያበቃ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የከተማውን ሰው ፊት ሳየው የኖርኩት እኔ ነኝ። መጋረጃዬ ላይ አንድ ሐይቅና ሁለት ዳክዬዎች ተስለዋል። በዚያ ሐይቅ ዳር ያልቆመ የቦንጋ ሰው ጥቂት ነው። ግራ ጆሮው ከቀኙ የሚበልጠው ማን እንደሆነ፣ ማን ሲስቅ ድዱ እንደሚታይ አውቃለሁ። የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበትን ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ ጫፍ አለሳልስለታለሁ። ሰውየው ፎቶውን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ለምን ደስ እንዳለው ግን አያውቅም። ሙያ ማለት ለእኔ ይህ ነበር።

በእኔ ቤት የተነሳ ሰው ፎቶውን የሚወስደው ሐሙስ ነው። ሰኞ የተነሳም ሐሙስ፣ ረቡዕ የተነሳም ሐሙስ። ሐሙስ ዕለት የተነሳ ደግሞ የሚቀጥለውን ሐሙስ ይጠብቃል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። እንዲያውም ሰው ሲጠብቅ ስለሚቆይ ፎቶው ሲደርስ ያምርበታል።

ሐሙስን ያጠፋት ያሬድ ነው። ያሬድ ከደሴ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ አልወቅሰውም። ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ከእኔ ቤት ማዶ ኮምፒውተር ቤት ከፈተ። በዚያ ሰሞን ቢፒአር የሚባል ነገር መሥሪያ ቤቶችን ያምስ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ እንደ አዲስ ይመደባል ተብሎ ጉርድ ፎቶ ተፈላጊ ሆኖ ነበር። እግዚአብሔር ሥራ ሰጠኝ ብዬ አዲስ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት በጠበጥኩ። ሰዉ ግን በእኔ በር አልፎ ያሬድ ጋ ይገባል። ነጭ አንሶላ ፊት ይቀመጣል፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ፎቶው ይወጣል። አንድ ቀን ሄጄ ቆሜ አየሁ። ውኃ የለ፣ ጨለማ ክፍል የለ፣ ሐሙስ የለ።

"እትዬ፣ እርስዎም ወደ ዲጂታል ይግቡ እንጂ፤ ቀላል ነው" አለኝ ያሬድ።

ቀላል ነው የተባልኩት ነገር ሁሉ ነው ያስቸገረኝ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሰምታ ከአዲስ አበባ ዲጂታል ካሜራ ላከችልኝ። አብረውት የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክሉ ሁለት ጥቁር ካርዶች መጡ። "አክስቴ፣ ግራ አይግባሽ። ካርዱ ማለት የድሮው ፊልም ማለት ነው" አለችኝ በስልክ። ከዚህ በኋላ ለደረሰብኝ ሁሉ መነሻው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የተማረች ልጅ ናት፤ አመንኳት።

ካርዱ ፊልም ከሆነ እንግዲህ የፊልም ደንብ አለው። አንደኛ፣ ብርሃን አያይም። ሁለተኛ፣ ሠላሳ ስድስት ላይ ያልቃል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ መነገርም አያስፈልገኝም፤ አርባ ዓመት የኖርኩበት ነው። ካሜራው ጀርባው ላይ መስኮት አለው። ፊልም በሚቀመጥበት ሣጥን ላይ መስኮት የሚከፍት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ፋብሪካው ተሳስቶ ነው ብዬ በቁስል ፕላስተር ሁለት ጊዜ ደራርቤ ሸፈንኩት።

እዚህ ላይ ስለ ባዶ ፍላሽ መናገር አለብኝ። ደስ አይለኝም፤ ግን ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

በፊልሙ ዘመን ሰርግ የሚያነሳ ሁሉ ያውቀዋል። ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ሰርገኛው ሦስት መቶ ነው። ሁሉም "እኔንም! እኔንም!" ይላል። እምቢ ብትል ትጣላለህ። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ ዝም ብለህ ፍላሹን ታበራለታለህ። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፣ ብልጭ ይልለታል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሣጥኑ ውስጥ ግን ምንም የለም። አብዛኛው ሰው ፎቶውን ሊጠይቅ አይመጣም፤ ሰክሮ ስለነበር ወይም ስለረሳው። ባለቤቴ "ብርሃን መስጠትም መስጠት ነው" ይል ነበር። እኔም ተቀብዬው ኖርኩ።

እትዬ አስካለና ባለቤታቸው ጋሽ ገብሬ ግን አልሰከሩም፣ አልረሱምም። የማንኪራ ገጠር ሰዎች ናቸው፤ ቡና ይለቅማሉ፣ ንብ ያረባሉ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ሁሉ ነገር አልቆ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ሳይያያዙ ጎን ለጎን መጥተው ቆሙ። ጋሽ ገብሬ የተዋሱትን ኮት ቆልፈው ነበር። ፊልሙ ካለቀ ቆይቷል። አበራሁላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ አስካለ ማር ይዘው ገበያ ሲመጡ ብቅ አሉ።

"ደረሰ?" አሉኝ ከበሩ።

"ቀለም ፊልም እዚህ አይታጠብም፤ ጅማ ተልኳል" አልኩ።

በሌላው ቅዳሜ ጅማ ጠፋ። በሌላው ተገኘና ውኃ ገባበት። አንድ ቅዳሜ አይጥ በላው፤ ከዚያ ደግሞ የበላው አይጥ ሳይሆን ብል ነው አልኩ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እንደ እንሰት ነው፤ አንዱን ቆርጬ ጣልኩ ስትል ከሥሩ ሌላ ይወጣል። እትዬ አስካለ ግን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ሰምተውኝ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ "እሺ፣ ቅዳሜ" ብለው ይሄዳሉ። ይህ ዓመታት ሄደ። ከዚያ ጋሽ ገብሬ ታመው ሞቱ። የእሳቸው ምስል የነበረበት ብቸኛው ነገር የቀበሌ መታወቂያቸው እንደነበረና እሱንም ኪሳቸው ውስጥ እያለ ዝናብ እንዳበላሸው የሰማሁት ለቅሶ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ ቅዳሜ ቅዳሜ በበሬ ያልፋሉ እንጂ "ደረሰ?" ብለው አያውቁም። በጠየቁኝ ይሻል ነበር።

ታዲያ በአስራ አንደኛው ዓመት እትዬ አስካለ በሬ ተዘግቶ የቆየ ይመስል ቀስ ብለው ገቡ።

"የመጨረሻ ልጄን፣ ብርቄን፣ ደካ ለሚኖር ሰው ልድር ነው" አሉ። "እሁድ ነው። ነይና አንሺን።"

"ያሬድ አለ እኮ፣ ወዲያው ነው የሚያወጣው" አልኳቸው።

"አንቺ ነይ" አሉ።

እኔም ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ሌላው ቢቀር ቢቀር የእትዬ አስካለ ፎቶ በእውነተኛ ፊልም ይነሳል። ማለቴ በእውነተኛ ካርድ።

እሁድ በጠዋት ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት ወሰደኝ፤ የቀረውን በጭቃው በእግሬ ሄድኩ። ሰርጉ ደማቅ ነበር። በልቤ እየቆጠርኩ አነሳሁ። የድሮው ካሜራ ፊልሙ ሲያልቅ አስታውቆ እምቢ ይል ነበር፤ ይህኛው ዝም ብሎ ይቀበላል። እምነት የማይጣልበት ሰው እንዲህ ነው ብዬ ቆጠራዬን ጠበቅ አደረግኩ። ሠላሳ አምስት ላይ ስደርስ "ይብቃ" ብዬ ሰዉን መለስኩና እትዬ አስካለን ፈለግኳቸው። የመጨረሻዋን ለእሳቸው ነበር ያስቀመጥኳት።

ከቤታቸው ጀርባ ከቡናው ሥር ቆሙ። ወደ ግራ ሸሽተው ነበር የቆሙት።

"ወደ መሐል ይምጡልኝ።"

"ደኅና ነኝ እዚሁ።"

"በቀኝዎ በኩል ብዙ ክፍት ቦታ ቀረ።"

"ይቅር። አንሺ።"

አነሳሁ። ጠጋ ብለው የካሜራውን ጀርባ አዩ። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ፎቶው ወዲያው እንደሚታይ ሰምቷል።

"አሳዪኝ" አሉ። ከዚያ ፕላስተሩን አዩት። "ምነው፣ ቆስሏል እንዴ?"

"ብርሃን እንዳይገባበት ነው" አልኩ። እንደ ድሮው ቅዳሜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፊልሙ አልቋል፤ ግን ሙሽሮቹ ሊወጡ ነው፤ ያለ ሽኝት ፎቶ ሰርግ የለም። ሁለተኛውን ካርድ ማስገባት አለብኝ። ለዚህ ጨለማ ያስፈልጋል። ቤቱ ውስጥ ጨለማ የነበረው የማር ጓዳው ብቻ ነው። ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያገኘሁትን ጋቢ ከራሴ እስከ ጉልበቴ ተከናነብኩ። ክርኔን አንድ ገንቦ አፍ ላይ አሳርፌ፣ በጣቴ እየዳበስኩ፣ እንዳይጠፋኝ "ያለቀው በቀኝ፣ ያላለቀው በግራ" እያልኩ ማጉረምረም ጀመርኩ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከሙሽራው ጋር የመጡት አጎቱ ጋሽ ወልዴ ነበሩ፤ ጠጅ ፍለጋ ነው የገቡት።

"ይዝጉት! ብርሃን እንዳይገባ!" ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ ወልዴ ዘጉት። ማንም ሰው ጓዳ ውስጥ የተከናነበ ነገር ከጮኸበት ይዘጋል። በድንጋጤ ስዞር ካርዱ ከጣቴ አምልጦ የወደቀ መሰለኝ። መሬቱን በመዳፌ ደባበስኩ፤ አንድ ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር አገኘሁ። ተመስገን ብዬ በድሮ የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሬ ከደንኩት። ስወጣ አንዲት ሴት በፌጦ የተለወሰ ነገር ይዛ ቆማለች፤ ጋሽ ወልዴ "ፎቶ አንሺዋን ዓይኗን አሟታል" ብለው ነበር።

በማግስቱ ቆርቆሮውን ያሬድ ጋ ወሰድኩ። "ክፈተው፤ ግን መጀመሪያ መስኮቱን ዝጋ" አልኩት። መስኮቱን ሳይዘጋ ከፈተውና መዳፉ ላይ ገለበጠው።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

አየሁት። የሰም ስባሪ ነበር።

ወንበር አቀረበልኝ። ጓዳውን በሐሳቤ ደግሜ ገባሁበት። ካርዱ መሬት ላይ ቢወድቅ ኖሮ ቀጭ ይል ነበር። ድምፅ አልነበረም። ድምፅ ሳይሰጥ የሚቀበል ነገር እዚያ ጓዳ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ክርኔን ያሳረፍኩበት ገንቦ። አፉ በእንሰት ቅጠል ሊታሰር የተዘጋጀ፣ ከብርቄ ጋር ደካ የሚሄደው ገንቦ። ሲሄድ እኔው ነኝ በሁለተኛው ካርድ ያነሳሁት።

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ለእትዬ አስካለ ሄዶ እውነቱን ይነግር ነበር። እኔ አሰብኩት። "ደረሰ?" ሲሉኝ "ማር ውስጥ ገባ" ልላቸው። ጅማ፣ ውኃ፣ አይጥ፣ ብል፣ ማር። በእግዚአብሔር ፊት እውነት የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ከሁሉም ውሸት የሚመስለው ግን እሱ ነው። ይህን ከምናገር ደካ ድረስ መሄድ ቀለለኝ።

ደካ ቅርብ አይደለም። በሚኒባስ ከሰው፣ ከዶሮና ከቆጮ ጥቅል ጋር ተጭኜ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። እኔም ገፋሁ፤ ማንም "እናቴ ይቆዩ" አላለኝም፤ እኩልነት የሚሉት ይኼ ነው መሰለኝ። ከቀትር በፊት ደረስኩ።

የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዘነበች በክብር ተቀበሉኝ። ለመጣሁበት ጉዳይ ጊዜ ላለማጥፋት በቀጥታ ገባሁ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሙሽራዋ ጋር የመጣው ማር ውስጥ የጣልኩት ነገር አለ" አልኩ።

ወይዘሮ ዘነበች ብርጭቆውን አስቀመጡት።

"ምን ነገር?"

"ትንሽ ናት። ጥቁር። ጠፍጣፋ።"

"ምን ትሠራለች?"

ይህን ጥያቄ እኔም ለራሴ መልሼው አላውቅም። ያሬድ ያስረዳኝን ለማስታወስ ሞከርኩ። "ሰዎች አሉባት" አልኩ። "ተነስተው እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ሙሽራዋም አለች፣ ልጅዎም አለ፣ እናቷም አሉ።"

"ልጄ? ልጄ ማር ውስጥ?"

"ብዙ ጊዜ። ከወንድምዎ ከጋሽ ወልዴ ጋር።"

ወይዘሮ ዘነበች ተነስተው ወደ ውጭ ተጣሩ። ሰው መጣ። በካፊኖኖ ስለ እኔ ይነጋገሩ ጀመር፤ ከቦንጋ የመጣች ባለፎቶ ቋንቋውን አትሰማም ብለው። እኔ ቦንጋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አንዱም ቃል አላመለጠኝም። አንዲት ሴት "ፊቷ ግን ጨዋ ይመስላል" አለች። ሌላዋ "እንደዚህ የሚያደርጉት ጨዋ የሚመስሉት ናቸው" አለቻት። እኔ በቋንቋቸው "እውነትሽን ነው" አልኩ። ማስታረቅ ፈልጌ ነበር። ሁሉም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

ጋሽ ወልዴ መጡ። እፎይ አልኩ፤ የሚያውቀኝ ሰው ተገኘ።

"አወቅኳት!" አሉ። "ፎቶ አንሺዋ ናት። ማሩ ያለበት ጓዳ ውስጥ በጨለማ ጋቢ ተከናንባ ማሩ ላይ ስታጉረመርም ያገኘኋት እሷ ናት። ‘ብርሃን እንዳይገባ’ ብላ የጮኸችብኝም እሷ ናት።"

እንዲህ ሆኖ ሲነገር እኔም ራሴን ጠረጠርኩ።

"አይንሽን አሞሽ አልነበረም እንዴ?" አሉኝ ቀጥለው።

"አላመመኝም። ካርዱን ብርሃን እንዳያየው ነው።"

"ብርሃን ቢያየውስ?"

"ሰዎቹ ይጠፋሉ።"

ወይዘሮ ዘነበች ጭንቅላታቸውን ያዙ። እኔም ቢቸግረኝ ላሳያቸው ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ገንቦው ሄድኩ። ሦስት ሰው ያዘኝ። በመግቢያዬ ላይ የነገርኳችሁ ይኼ ነው።

ገንቦውን ለመክፈት ደግሞ ሌላ ችግር ነበረ። ከእናቷ ቤት የመጣን ማር በደንባቸው ከሙሽራዋ በቀር ማንም አይከፍተውም፤ እሷም የምትከፍተው ከጫጉላ ስትወጣ ነው። ሽማግሌዎቹ አንዱ "እንጠብቅ" አለ፣ አንዱ "ገንቦውን እንዳለ ወደ ማንኪራ እንመልሰው" አለ። መመለስ ከተባለ ጋብቻው ራሱ ወሬ ሊሆን ነው። እኔ በአንዲት ጥፍር የምታክል ነገር ምክንያት ሁለት ወገን ላጣላ መሆኔን ያኔ ነው የተረዳሁት።

ብርቄ ይህን ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማ ኖሯል። ነጠላዋን ተሸፋፍና ወጣች።

"እናቴ ከሷ ፎቶ ስትጠብቅ አስራ አንድ ዓመቷ ነው" አለች። "ጫጉላው ይቅርታ ያድርግልኝ።" ጎንበስ ብላ የእንሰት ቅጠሉን ፈታችው።

ሁሉም ገንቦው ላይ አጎነበሱ። ወፍራም የጫካ ማር ነበር፤ ከሰሙ ጋር፣ አንዳንድ ንብም አለበት። ምንም አይታይም። ወይዘሮ ዘነበች በወንፊት ለማጥለል ሞከሩ፤ ማሩ እምቢ አለ። እጅ ማስገባት አይፈቀድም። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ደንቡ ከተከፈተ ይበላል ነው። እንብላው። ያለው ነገር ራሱ ይወጣል።"

ይህን ፍርድ ሁሉም ወደደው። ዳቦ መጣ፣ ጎረቤት ተጠራ። ማሩ እየተቀዳ በየሣህኑ ተሰጠ። እኔ ከሰው ሰው እየዞርኩ "ቀስ ብለው ያኝኩ፣ እባክዎ ጥርስዎ ላይ አይጫኑት" እያልኩ ለመንኩ። በሕይወቴ ሰው ሲበላ እንዲህ ተጨንቄ አይቼ አላውቅም። አንዱ ሳይቸኩል ሁለተኛ ሣህን ሲጠይቅ እንደ ዘመድ መረቅኩት። ቀትር አለፈ። ገንቦው እየጎደለ፣ የእኔም ተስፋ አብሮት እየጎደለ ሄደ።

ጋሽ ወልዴ በድንገት ማኘካቸውን አቆሙ። እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ።

"ከቀሩኝ ጥርሶች አንዷ ወለቀች" አሉ በሐዘን፤ አውጥተው ብርሃን ላይ ያዙት። "ደግሞ ጠቁራለች።"

ቀምቼ ወሰድኳት። ማንንም በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ከአፉ ነጥቄ አላውቅም፤ ያን ቀን ነጠቅኩ። ጋሽ ወልዴ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ቆጥረው አንድም እንዳልጎደለ ሲያውቁ ደስታቸው ከእኔ በለጠ። ወይዘሮ ዘነበችም ካርዱን ገልብጠው አዩና "ልጄ እዚህ ውስጥ ነው?" አሉ። "አዎ" አልኩ። ሳም አድርገው መለሱልኝ።

ማር እንደተቀባ በፊልሙ ቆርቆሮ ይዤ የመጣሁትን ካርድ ቦንጋ እንደተመለስኩ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገብቼ በሦስት ሣህን ውኃ በየተራ አጠብኩትና በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ሐሙስ ደረቀ፤ መልሼ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ እትዬ አስካለ ሲያልፉ ከበሬ ወጥቼ ጠራኋቸውና አብረን ያሬድ ጋ ሄድን። ያሬድ ካርዱን ከቆርቆሮው አውጥቶ አንድ ሣጥን ውስጥ ሰካው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሰርጉ በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተደርድሯል።

"ሠላሳ ስድስት ብቻ?" አለ ያሬድ። "ይሄ ካርድ ከሺህ በላይ ይይዛል እኮ። ለምን አቆሙ?"

"አለቀ" አልኩ። ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ መጠየቁን ተወው።

የመጨረሻዋን ፎቶ አወጣት። እትዬ አስካለ ከቡናው ሥር ወደ ግራ ተጠግተው ቆመዋል። ፊታቸው ጥርት ብሏል። ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እማማ፣ በዚህ በኩል ክፍት ነው" አለ ያሬድ። "ልቁረጠው? ወይስ ፏፏቴ ላስገባበት?"

"ሰውስ ታስገባለህ?"

"ሰውም አስገባለሁ። ፎቶው ይኑር ብቻ።"

እትዬ አስካለ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ፎቶው እሷ ጋ ነው። ከገብሬ ጋር አንስታናለች።"

ያሬድ እጁን ዘረጋልኝ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይጮኻል። ምላሴ ላይ አንድ አዲስ ምክንያት መጥቶ ነበር፤ ምን እንደነበር አሁን ረስቼዋለሁ፤ ጥሩ ነበር ግን። ዋጥኩት።

"እትዬ አስካለ" አልኩ፣ "ያን ቀን ፊልም አልነበረም። እርስዎንና ጋሽ ገብሬን በባዶ ነው ያነሳኋችሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"ሌላውን ሰው ባነሳሽ ቁጥር ሣጥኑን በአውራ ጣትሽ ክርር ታደርጊ ነበር። ለእኛ አላደረግሽም። ገብሬ እኮ ቀፎ ውስጥ ንብ መኖር አለመኖሩን ከዛፉ ሥር ሆኖ በጆሮው የሚለይ ሰው ነው። የአንቺ ሣጥን ባዶ መሆኑ ይጠፋዋል?"

"ታዲያ በየቅዳሜው ለምን ይጠይቁኝ ነበር?"

"እሱ ነዋ የሚልከኝ! ከገበያ ስገባ ‘ዛሬስ ፎቷችንን ምን በላው?’ ይለኛል። ጅማ ቀረ ስለው፣ አይጥ በላው ስለው፣ በሳቅ ይወድቃል። አይጡን ትተሽ ብል ነው ያልሽ ዕለትማ ጎረቤት ጠርቶ አስነገረኝ። ታሞ እንኳ የቅዳሜን ይጠብቅ ነበር። በኋላ የምነግረው ስለሌለ ተውኩት።"

ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ነበር። እሱን አነበብኩ።

"ታዲያ ልቁረጠው?" አለ ያሬድ ቀስ ብሎ።

"አትቁረጠው" አሉ እትዬ አስካለ። "ቦታውን ትቼለት ነው የቆምኩት።"

ያሬድ እንዳለ አተመው። ፎቶው እስኪወጣ እትዬ አስካለ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የፊልም ቆርቆሮ አንስተው ያገላብጡ ጀመር። ክዳኑ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። አሸተቱት፣ ቀመሱት።

"ይሄ የእኔ ማር ነው" አሉ። "የብርቄ ገንቦ ማር ነው። እዚህ ምን ይሠራል?"

አንድ ጊዜ እውነት የጀመረ ሰው አይመለስም። ጋቢውን፣ ጓዳውን፣ ደካን፣ የጋሽ ወልዴን ጥርስ ነገርኳቸው። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ያሬድ ውኃ አመጣላቸው።

"ገብሬ ይህን ሳይሰማ!" አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። ፎቶውን ያዙና ክፍት ወደተተወው ቦታ እያዩ "አሁን ‘ምን በላው?’ ቢለኝ ምን ልበለው?" አሉኝ።

"ማር ይበሉት" አልኩ።

ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። እኔም ወደ ቤቴ ተሻግሬ የካሜራውን ፕላስተር ላጥኩት። መስኮቱ ብዙ ነገር ጻፈብኝ፤ አንዱም አልገባኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደንበኛ አልነበረኝም። ከመጋረጃዬ ዳክዬዎች ጋር ተቀምጬ ሳለ ከበሩ ላይ ጥላ አረፈ።

"ደረሰ?" አሉ እትዬ አስካለ።

ትንሽ አሰብኩ።

"አልደረሰም" አልኳቸው። "ሐሙስ ይምጡ።"